የጓሮ ውሃና የመርማሪው ጥርስ

መርከቧ ስትመጣ ፏፏቴው ይከፈታል፤ ስትሄድ ይዘጋል። ወፎቹም እንደዚያው ናቸው። ዘንባባዎቹ ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ሆነው፣ የመጀመሪያው እንግዳ አሸዋውን ሲረግጥ መንጫጫት ይጀምራሉ፤ የመጨረሻው ሻንጣ ሲጫን ጭጭ ይላሉ። ማዘንጊያ እዚህ በመጣች ሰሞን ወፎቹ ታመው መስሏት አዝናላቸው ነበር። አሁን ወፍ ሲንጫጫ ከሰማች በሐሳቧ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዩኒፎርሜ ደርቆ ይሆን?

ደሴቷ ቀይ ባሕር ላይ ናት፤ የአንድ የመርከብ ኩባንያ የግል ንብረት። ስሟ «ንጹሕ እስትንፋስ» ይባላል። ስም አውጪው ጓሮ ገብቶ እንደማያውቅ በዚህ ይታወቃል።

ጓሮ ማለት ሠራተኛው የሚኖርበት ከተራራው ጀርባ ያለው ነው። ፊት ማለት ደግሞ እንግዳው የሚንሸራሸርበት። ተራራ ሲባል ግን የእውነት እንዳይመስል። ከፊት ሲያዩት ቅጠል የለበሰ፣ ፏፏቴ የሚወርድበት፣ እንግዳው ሁሉ ቀና ብሎ «ወይ ተፈጥሮ!» የሚልለት ግርማ ሞገሳም ነው። ከጓሮ ሲያዩት በር አለው። ውስጡ እንደ ከበሮ ባዶ ነው፤ የሚያጓሩት ሞተሮች እዚያ ተደብቀዋል፤ መርከብ የሚያመጣላቸውን ጥቁር ዘይት እየጠጡ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ወፎቹን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው። መርከቧም ራሷ ስትቆም ገመዷን ትዘረጋና ከእነሱ ትመጠምጣለች፤ ወደብ ላይ ማጨስ በሕግ ተከልክሏላ። ስለዚህ መርከቧ አታጨስም። ተራራው ነው የሚያጨስላት። የተራራ ጭስ ደግሞ ፎቶ ያበላሻል ተብሎ ጭሱ በቧንቧ ከመሬት በታች ይሄድና ጓሮ ላይ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ አጠገብ ብቅ ይላል። ጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቁት የፀሐይ ሰሌዳዎች? እነሱ ጨው ዓይናቸውን ካጠፋቸው ቆይቷል። ግን በየሳምንቱ ይወለወላሉ። እንግዳ ይወዳቸዋል።

ውሃውም የሚሠራው እዚያው ተራራ ውስጥ ነው። ባሕሩ ተስቦ በማጣሪያ ይጨመቃል፤ ጨው ወዲህ፣ ውሃ ወዲያ። አዲስ ማጣሪያ ሲመጣ ለፊት ይገባል፤ ለፏፏቴው፣ ለገንዳው፣ ለበረዶው፣ ኳስ በዱላ ለሚመቱበት ሣር። ማጣሪያው አርጅቶ ጨው መያዝ ሲያቅተው ለጓሮው መስመር ይሰጣል፤ ልክ እንደ ታላቅ ልጅ ጫማ። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ሽሮ ያለ ጨው ይሠራል። ጨውን ቧንቧው ራሱ ይጨምረዋል። ሻይ የሚጠጣው ዓይን ተጨፍኖ ነው። የታጠበ ሸሚዝ ሲደርቅ ብቻውን ይቆማል። ጠዋት ፊት ሲታጠቡ ዓይን ይቆጠቁጣል። ዓይናቸውን በጨው የታጠቡት ግን ፊት ያሉት ናቸው፤ ጓሮ ያለው ሕዝብ የታጠበው ተገዶ ነው።

ማዘንጊያ የምትሠራው ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው ከሜዳው ዳር ያለ የፕላስቲክ ቋጥኝ ሲሆን በኩባንያው ወረቀት ላይ የሥራዋ ስም «የስሜት ብርሃን ረዳት» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት፣ እንግዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ሜዳው ላይ የተደረደሩት ብስክሌቶች ላይ ይወጣሉ። ብስክሌቶቹ የትም አይሄዱም። እያንዳንዱ ብስክሌት ፊት እንደ ዱባ የምታክል አምፖል አለች። «ደሴቲቱ ዛሬ ማታ የምትበራው በእናንተ ላብ ነው!» ይባላሉ፤ እነሱም ይነዳሉ። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ይፈካሉ። እንግዶቹ ያለቅሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ አንዳንዱ ከሚስቱ ጋር ይታረቃል።

ብስክሌቶቹ ከምንም ጋር አልተገናኙም። አምፖሎቹን የምታበራው ማዘንጊያ ናት፤ ቋጥኙ ውስጥ ተቀምጣ፣ በቀዳዳ እያየች፣ ቁልፎቿን አንድ በአንድ እያዞረች። ደረቱን የያዘ ሽማግሌ ካየች ቶሎ ታበራለታለች፤ ሰው ለውሸት መብራት እንዳይሞት። አስተናጋጅ ላይ የጮኸ ካለ ግን ታስለፋዋለች። «ንዳ! ንዳ እንጂ! ምነው፣ ገና የእራትህን ሳህን እንኳን የሚያሳይ መብራት አላወጣህም!» ትለዋለች ለብቻዋ። ደሴቷ ላይ ካሉት ደስታዎቿ ዋናው ይሄ ነው።

ሌላው ደስታዋ በረዶ ነበር። እንግዳ በረዶ ይወዳል እንጂ አይጨርስም። ድግሱ ሲያልቅ በየባልዲው የሚቀረው በረዶ ቀልጦ ሣር ላይ ይደፋል። ማዘንጊያ ደፊዎቹን ተለማመጠችና በቴርሞስ እየቀዳች፣ ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ፣ ወደ ጓሮ ታሸጋግረው ጀመር። ለምን ቢባል ለእህቷ ለዘነበወርቅ።

ዘነበወርቅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ባሏ መርከቧ ሆድ ውስጥ ዘይት ቀጂ ነው፤ መርከቧ ስትመጣ በመስኮት እጁን ያወዛውዝላታል፣ መውረድ አይፈቀድለትም። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ካለ ሰነበተ፤ ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ራሱ የሌላ ሰው ይመስላል። የጓሮው ክሊኒክ መስኮት ላይ ያለ ስክሪን ነው፤ ክንድ ሲያስገቡለት ግፊት ይለካል፣ ይናገራል። «የደም ግፊትዎ አስጊ ነው። ጨው ይቀንሱ» አላት።

«ከየትኛው?» አለችው ዘነበወርቅ። «ከሻዩ ነው ከገላ መታጠቢያው?»

ስክሪኑ «ስለጎበኙን እናመሰግናለን» ብሎ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ እሷ የምትጠጣው የማዘንጊያን በረዶ ብቻ ሆነ። የተረፈው በቢጫ ጄሪካን እየተጠራቀመ፣ እትዬ ሽታዬ አልጋ ሥር ተቀመጠ፤ መርከብ በማይኖርበት ሰሞን በረዶም ስለሌለ። እትዬ ሽታዬ የጓሮው ትልቅ ሰው ናቸው። ልብስ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ሲያረጁም ማንም ወደ ሀገርዎ ይመለሱ አላላቸውም፣ ሌላ ሰው የማያውቀው የልብስ ተኩስ ስለሚችሉ። የወሎ ሰው ናቸውና መጀመሪያ የጓሮው ቧንቧ ጨው ጨው ሲል የተቃወሙት ነገር የለም። «ድሮስ እኛ ቡና በጨው አይደል እንዴ የምንጠጣው» አሉ። በዓመቱ ግን እሳቸውም ፊታቸውን ማጨማደድ ጀመሩ።

እና አንድ ቀን መርማሪ ሊመጣ ነው ተባለ።

መርማሪው ከኩባንያው አይደለም፤ የየደሴቱን ሠራተኛ ውሃ ከሚያረጋግጥ ድርጅት ነው። መጥፎ ነው ብሎ ከፈረመ ኩባንያው ለጓሮም አዲስ ማጣሪያ የማስገባት ግዴታ አለበት፤ ካልሆነ መርከቧ አትቆምም። ሕጉ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ድሮ ኩባንያዎቹ መርማሪ ሲመጣ ቧንቧውን እየቀየሩ ያታልሉ ስለነበር፣ መርማሪው ከቧንቧ አይቀዳም። ሠራተኛው ቤት ገብቶ፣ ሠራተኛው በገዛ እጁ፣ በገዛ ብርጭቆው የሰጠውን ነው የሚጠጣው። አለቃም አብሮ አይገባም።

ማዘንጊያ ይሄን ስትሰማ ዘለለች። ጓሮውን ሁሉ ልብስ ማስጫው ሥር ሰበሰበች።

«ስሙ! ማንም ብልጥ እንዳይሆን። ስኳር የለም፣ ሎሚ የለም፣ ሻይ የለም። ከቧንቧ ቀድቶ መስጠት ብቻ። ጠጥቶ ይትፋው!»

«እሺ» አለ ሰው ሁሉ።

«እትዬ ሽታዬ፣ የሚገባው እርስዎ ቤት ነው። እርስዎን ነው የመረጡት፣ በዕድሜ።»

«ኧረ እኔ ምን አጠፋለሁ?» አሉ እትዬ ሽታዬ። «ጨውን በብርጭቆ መስጠት ምን ያቅታል?»

«ይማሉልኝ።»

«ዘነበወርቅ ትሙት!»

«እኔ ለምን እሞታለሁ?» አለች ዘነበወርቅ ከተቀመጠችበት። «በራስዎ ይማሉ!»

ሳቁ። ያ ሳቅ የመጨረሻው ነበር ለጊዜው።

መርማሪው ሚስተር ቫንደል ይባላል። ረጅም፣ ፀሐይ የላጠው፣ አንገቱ እንደ ዶሮ ቀይ ሰውዬ ነው። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለች አስተርጓሚ መሣሪያ አለች፤ ምን እንደተማረች እንጃ፣ አማርኛዋ የድሮ ቤተ መንግሥት ነው። የሚመረምረው በጥርሱ ነው። ፊት ለፊት ካሉት አንዷ የብር ጥርስ ናት፤ ጥሩ ውሃ ስትቀምስ አረንጓዴ ትበራለች፣ መጥፎ ስትቀምስ ቀይ ትበራና ትጮኻለች። ጥርሷ የበራችውን እሱ ፈርሞ ለድርጅቱ ይልካል።

ማዘንጊያ በር ላይ ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች። እትዬ ሽታዬ አልጋቸው ላይ በእጃቸው የተኮሱትን ነጭ አንሶላ አንጥፈውለት ተቀምጧል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ከጀርባው ሁለት ረዳቶች ቆመዋል፤ እነሱም ምላሳቸው ወጥቷል።

«ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን፣ ክብርት ሆይ» አለች አስተርጓሚዋ። «ከሩቅ ሀገር የመጣሁ መንገደኛ ነኝ። እጅግ ተጠምቻለሁ። ዘወትር የምትጠጡትን ታጠጡኝ ዘንድ እለምናለሁ።»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። አስተርጓሚዋ «የውሃ ናሙና አቅርቢ» ብትል ኖሮ እትዬ ሽታዬ የጨው ውሃውን ገጭ አድርገው ይሰጡ ነበር። «መንገደኛ ነኝ፣ ተጠማሁ» ሲሏቸው ግን ሰውነታቸው እሳቸውን ሳያማክር ተነሳ። ብርጭቆውን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ቧንቧው ጋ ቆሙ። ዘወር ብለው ላቡን አዩት። ብርጭቆውን አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

«እትዬ ሽታዬ!» አለች ማዘንጊያ በለሆሳስ። «እትዬ! ወዴት ነው?»

ጄሪካኑን ከአልጋው ሥር ጎትተው አወጡት። ብርጭቆውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና እስከ አፉ ሞሉት። በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

ሚስተር ቫንደል ጠጣ። ጥርሱ አረንጓዴ በራች። እንደ ፋሲካ ሻማ ወለል አለች።

«ይህ መጠጥ የላቀ ነው» አለች አስተርጓሚዋ።

«በሞቴ ይድገሙ!» አሉ እትዬ ሽታዬ።

«በቃኝ፣ ክብርት ሆይ።»

«አይሆንም! አንድ ብቻ ተጠጥቶ? ልጆቹስ? ና የኔ ልጅ፣ ምን ያስቆምሃል፣ ጠጣ! ለእሱም ቅጂለት ማዘንጊያ፣ ምን ይገትርሻል!»

ሲሄዱ ጄሪካኑ ባዶ ነበር። ጠብታ አልቀረም።

«ምን አደረጉ?» አለች ማዘንጊያ።

እትዬ ሽታዬ ባዶውን ጄሪካን ታቅፈው አልጋው ላይ ዘጭ አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ ልጄ። አላየሽውም ላቡን? እንዴት አድርጌ... እንግዳ ነው እኮ! ቤቴ ገብቶ! ጨው ስሰጠው ሀገሩ ሄዶ ምን ብሎ ያወራኛል?»

«ማን ያውቅዎታል ሀገሩ?»

«አሁን ያውቀኛል» አሉ፣ ትንሽ ኮራ ብለው። ከዚያ ዘነበወርቅ እግሯን እየጎተተች ስትገባ አዩና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በነጋታው ጠዋት የጓሮው ሱፐርቫይዘር ናሆም ወረቀት ይዞ መጣ። ናሆም የኛው ልጅ ነው፤ ግን አማርኛ ሲናገር አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች ያለ ያስመስላል። የሚጠጣው ውሃ ከመርከቧ በጠርሙስ ይመጣለታል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ። «የጓሯችን ውሃ በቀይ ባሕር ካሉት ደሴቶች ሁሉ አንደኛ ወጥቷል። ለእናንተ ተብሎ የታዘዘ አንድ ማጣሪያ ነበር፤ እንግዲህ ስለማያስፈልጋችሁ ለሁለተኛው ፏፏቴ ይሆናል። አጨብጭቡ እንጂ!»

ያጨበጨበ አልነበረም። እትዬ ሽታዬ እንኳን አንገታቸውን ደፍተዋል።

ዘነበወርቅ ያን ቀን ክንዷን ለስክሪኑ ሰጠች። ስክሪኑ «ወደ ዋናው ምድር ሆስፒታል በአስቸኳይ እንዲሄዱ ይመከራል» አላት። ወደ ዋናው ምድር የሚሄድ ነገር መርከቧ ብቻ ናት። መርከቧ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ አትጭንም፤ እንግዳ ይረበሻል። ማዘንጊያ ይሄን ስትሰማ አላለቀሰችም። ቴርሞሷን አነሳችና ወደ ዋሻዋ ሄደች። በረዶ ልትሰርቅ ነበር ሐሳቧ። ዋሻው ስትደርስ ግን በቀዳዳው ያየችው ሌላ ነገር ነው።

ሚስተር ቫንደል ብስክሌት ላይ ነው። የክብር እንግዳ ተብሎ፣ ነጭ ልብስ ተሰጥቶት፣ መሀል ላይ ከማዘንጊያ ቀዳዳ ትይዩ ተቀምጧል። ጥርሷ አፉ ውስጥ እያብረቀረቀች ናት።

ማዘንጊያ ተቀመጠች። እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።

ሙዚቃው ተጀመረ። እንግዶቹ መንዳት ጀመሩ። በግራው ያለችው አሮጊት እግሯን አንቀሳቀሰች ለማለት ሰው ዓይን ማጥበብ አለበት፤ ማዘንጊያ አምፖሏን እንደ ፀሐይ አበራችላት። በቀኙ ያለው ወጣት ስልኩን እያየ ነው የሚነዳው፤ እሱንም ቦግ አደረገችው። አንድ በአንድ ሜዳው ሁሉ በራ። የሚስተር ቫንደል አምፖል ጨለማ ናት።

አየት አድርጎ ፍጥነት ጨመረ። ምንም። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነዳ። ምንም። ሰዎች ዞር ዞር ማለት ጀመሩ። አሮጊቷ በሐዘኔታ ፈገግ አለችለት። አንገቱ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ሄደ።

«ንዳ!» አለች ማዘንጊያ በጥርሷ መሀል። «መንገደኛ አይደለህ? ንዳ!»

ጆሮዋ ላይ ባለው የሥራ መገናኛ የናሆም ድምፅ ጮኸ። «ማዘንጊያ! መሀሉ ላይ ያለው ምን ሆነ?»

«ተበላሽታ መሰለኝ አቶ ናሆም። ሰውዬው ሊደፋ ነው። ውሃ ልውሰድለት?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ሩጪ!»

ዋሻው ውስጥ የሠራተኛ ቧንቧ አለ፤ የጓሮ መስመር። ማዘንጊያ ከእንግዳ መደርደሪያ ላይ ክሪስታል ብርጭቆ አወረደች፤ እንደ እትዬ ሽታዬ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ እስከ አፉ ሞላችው። ሜዳውን አቋርጣ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«በሞቴ» አለች።

ሰውዬው አላየም፣ አላሸተተም፣ አንድ ጊዜ ገለበጠው። መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ጥርሷ ቀይ በራችና ጮኸች፤ አምቡላንስ የመጣ ይመስል። ሙዚቃው ቆመ። የሚነዳው ሁሉ ቆመ። አምፖሎቹ ግን ማንም ሳይነዳቸው ቦግ ብለው ቀሩ፤ ይሄን ያስተዋለ አንድም እንግዳ አልነበረም።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች አስተርጓሚዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ክብርት ሆይ ሳትል።

«ዘወትር የምንጠጣው» አለች ማዘንጊያ። ጮክ ብላ ነው ያለችው። «ትናንት እትዬ ሽታዬ አፍረው ነው የሰረቅነውን በረዶ ያጠጡህ። የእኛ ይሄ ነው። እህቴ በዚህ ልትሞት ነው።»

ሚስተር ቫንደል አያት። አስተርጓሚዋ ለእሱ ብቻ በለሆሳስ ተርጉማለታለች፤ ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ ታየ። ጥርሷ አሁንም ትጮኻለች። ያ «አንደኛ» የሚል ወረቀት ግን ትናንት ተፈርሞበታል፣ ተልኳል፤ ተሳሳትኩ ማለት ከጥርስ ሕመም ይብሳል። ሚስተር ቫንደል ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ጥርሷን ነቀለ፣ በመሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። ኪሱ ውስጥ ሆና ትንሽ አለቀሰችና ዝም አለች።

ያኔ ናሆም ማይክ ይዞ ደረሰ። ላብ አጥምቆታል፣ ፈገግታው ግን ጆሮው ድረስ ነው።

«የተከበራችሁ እንግዶቻችን! ያያችሁት ያልተጠበቀ ነገር ነው። ይህ ከተራራችን እምብርት የሚወጣ የሺህ ዘመን የማዕድን ውሃ ነው። የወንድማችን መሣሪያ ይህን ያህል ማዕድን ቀምሳ ስለማታውቅ ደንግጣ ነው!»

ማዘንጊያ «አሁን ይስቁበታል» አለች በልቧ። አልሳቁም።

አሮጊቷ ከብስክሌቷ ላይ ሆና እጇን አወጣች። «ታዲያ ለምን ለእሱ ብቻ?» አለች። «እኛስ አልከፈልንም?»

«እውነት ነው!» አለ ወጣቱ ከስልኩ ቀና ብሎ። «መደበቅ ምን ያስፈልጋል?»

ናሆም ማዘንጊያን ክንዷን ጨምድዶ ወደ ዋሻው ጎተታት። «ነገ መርከቧ ስትሄድ አንቺም ትሄጃለሽ» አላት። ድንቹ ከአፉ ወጥቶ ነበር፤ ንጹሕ የሰፈር አማርኛ ነው የተናገረው። «እህትሽን እዚሁ ትተሽ!»

ማዘንጊያ ሲነጋ ሻንጣዋን አሰረች። ዘነበወርቅ ግድግዳ ተደግፋ ታያታለች። እትዬ ሽታዬ ደጅ ተቀምጠው «በእኔ ነው፣ በእኔ ነው» ይላሉ፤ የሚያጽናናቸውም የለም።

ናሆም በሩ ላይ የቆመው ያኔ ነው። ፀጉሩ ተንጨባሯል።

«ያንን ውሃ ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከዋሻው ቧንቧ። የጓሮ መስመር ነው።»

«እንግዶቹ...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዶቹ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኙኝም። ሌላ ይፈልጋሉ። ለመጠጥ፣ ለገላ፣ በጠርሙስ ሞልተው ሊወስዱም። መርከቧ ላይ ላሉትም ነግረዋል። ዋናው ቢሮ ደውሎ ውሃው ከእንግዲህ ለፊት ይሁን ብሏል።»

ማዘንጊያ ቀስ ብላ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ቀብር የደረሰች አስመሰለችው።

«አዬ አቶ ናሆም» አለች። «አይበቃም እኮ።»

«እንዴት አይበቃም?»

«የምንጠጣው እሱን፣ የምናበስለው በእሱ፣ የምንታጠበው በእሱ። ጓሮ እየጠጣው ፊት ከየት ይደርሳል?»

ናሆም ጭንቅላቱን ያዘ። «ሌላ የምትጠጡት የለም?»

«ለእኛማ ምን አለ» አለች፤ እየተከዘች። «ያ የፏፏቴው ውሃ አለ እንጂ። ያ ምንም የሌለበት። እሱን እንዴት ብለን እንጠጣለን? ማዕድን ነው ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ልጅ የምታሳድግ አለች፣ የምትወልድ አለች...»

ዘነበወርቅ ግድግዳው ጋ ሆና ሳል አፈናት።

«ለኩባንያው ስትሉ» አለ ናሆም። «ቧንቧውን ዛሬውኑ አስቀይራለሁ። የእናንተ ለፊት፣ የፊቱ ለእናንተ።»

«ጓሮው ያምጻል። ማን ያሳምነዋል?»

«አንቺ አሳምኚልኝ።»

«እኔ ተባርሬ የለ?»

«ማን አባረረሽ?» አለ ናሆም፤ ዓይኑን ሳያሽ።

ቧንቧው ከሰዓት በኋላ ተቀየረ። ናሆም ልብስ ማስጫው ሥር ቆሞ ስለ መሥዋዕትነት ንግግር አደረገ። «ለእንግዳ ሲል የራሱን የሚሰጥ ሕዝብ» አለ። ጓሮው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ናሆም ልቅሶ መስሎት እሱም ዓይኑን ጠረገ። መሀል ላይ እትዬ ሽታዬ ሊናገሩ ተነሱ። «ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ጨ...» ሲሉ ዘነበወርቅ እግሯን እየጎተተች ደርሳ ቆነጠጠቻቸው።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣችው ዘነበወርቅ ናት። ሁሉም አፏን ያያል። ዋጠችና አሰበች።

«ምንም አይልም» አለች።

«እንዴት ምንም አይልም?»

«ጣዕም የለውም። ባዶ ነው።» ከዚያ ብርጭቆውን መልሳ ዘረጋችው። «ድገሙኝ።»

እብጠቷ ቀስ እያለ ጎደለ፤ መጀመሪያ ፊቷ፣ ኋላ እግሯ ወደ ራሷ ተመለሱ። ስክሪኑ «ምክራችንን ስለተከተሉ እናመሰግናለን» አላት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ስትወለድ የጮኸችው ጩኸት የሚስተር ቫንደልን ጥርስ ያስንቃል አሉ።

ቀጣዩ መርከብ የመጣ ለት ወፎቹ መንጫጫት ሲጀምሩ ማዘንጊያና እትዬ ሽታዬ የተራራው በር ጋ ቆመው ፊቱን በስንጥቅ ያዩ ነበር። ሁለቱም ፏፏቴዎች ይወርዳሉ፤ የሚወርዱበት ቋጥኝ ነጭ መሆን ጀምሯል። ሣሩ ቢጫ ሆኗል፤ «የበረሃ ሜዳ» የሚል አዲስ ሰሌዳ ተተክሎበታል። እንግዶቹ በረጅሙ ተሰልፈው በክሪስታል ብርጭቆ ይቀበላሉ። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ጠጣች፣ ፊቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨማደደ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ባሏን «ይሰማሃል?» አለችው። «ሕይወት ነው።» እሱም ጠጣና አልተነፈሰም።

እትዬ ሽታዬ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ኧረ ያሳዝናሉ» አሉ። «እንግዳ ናቸው እኮ ማዘንጊያ። በዚህ ፀሐይ! ከኛ ከደህናው ትንሽ በጄሪካን...» እያሉ ነጠላቸውን አጣፉና አንድ እግራቸውን በበሩ አወጡ።

ማዘንጊያ በነጠላቸው ጫፍ ያዘቻቸው።

«እትዬ ሽታዬ!» አለች። «ይግቡ! በሞቴ ይግቡ!»